የተባረረ ሰው ወረቀት ላይ ምን ይጻፋል?

ልጆች፣ ይህን ሳልነግራችሁ ማደር አልቻልኩም! ጓደኛችን ከተባረረ ሁለት ወር አለፈው፤ እስከ ዛሬ ግን የሥራ ልምዱን አልጠየቀም። «የተባረርኩበትን ጽፈው፣ ማኅተም መትተው ይሰጡኛል፤ ከዚያ ማን ይቀጥረኛል?» ይላል። እኔም እውነት መስሎኝ አብሬው ስተክዝ ከረምኩ።

ትናንት ማታ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ከፈትኩ፤ ቁጥር 1156/2011። አንቀጽ 12 የአሠሪውን ግዴታዎች ይዘረዝራል። የሥራ ውል ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ የምስክር ወረቀት መስጠት አለበት። ምን የሚገልጽ? በጣቴ እየቆጠርኩ አነበብኩት። ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር፣ አንድ። ምን ያህል ጊዜ እንዳገለገለ፣ ሁለት። ደመወዙ ስንት እንደነበር፣ ሦስት። አራተኛ ጣቴን ዘርግቼ ጠበቅሁ፤ የለም! «ለምን እንደወጣ» የሚል ነገር የለም! መታወቂያችሁን አውጥታችሁ እዩት እስቲ፤ ስም አለ፣ የትውልድ ዘመን አለ፣ ከጎረቤት መጣላታችሁ ግን አልተጻፈበትም። ይህም ወረቀት እንደዚያው ነው። «ሲቋረጥ» ሲል ደግሞ የለቀቀውንና የተባረረውን አልለየም። ለተባረረውም ነው ማለት ነው! ያውም በነፃ! እዚህ ስደርስ ከአልጋዬ ተነሣሁ።

ስልኩስ? አዲሱ ቀጣሪ ለቀድሞው ደውሎ «ይህ ልጅ ለምን ወጣ?» ቢለውስ? እዚያ ላይ አዋጁ አፉን አልዘጋበትም፤ መናገር ይችላል። ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ አለ። የሰውን ስም ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የሚጥል ወሬ ማውራት በኃላፊነት ያስጠይቃል። «የወደፊት» የምትለዋን አያችኋት? ነገ የሚቀጠርበት ሥራ እኮ እዚያች ቃል ውስጥ አለ!

እውነት ከሆነስ? ይህንን በወጥ አስቡት። ቀምሼ «ጨው በዝቶበታል» ብል፣ ማንም ቀምሶ ያረጋግጥልኛል። ሳልቀምስ «የተበላሸ ነው» ብዬ ባስወራ ግን የሠራችውን ሴት ጎዳሁ። የቀድሞ አለቃም «አሥር ቀን ከሥራ ቀርቷል» ቢልና የሰዓት ፊርማው ቢመሰክርለት ቀምሶ ተናገረ። ማስረጃ ሳይኖረው «ሌባ ነው» ቢል ሳይቀምስ አወራ። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ፣ ዓላማው ሰውየውን መጉዳት ብቻ ከሆነ እውነቱም አያድነውም! እኔ እውነት ሁሉንም በር የሚከፍት ይመስለኝ ነበር።

ሌሊቱን ለጓደኛችን ማመልከቻውን ጻፍኩለት። «በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 መሠረት የሠራሁትን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኔንና ደመወዜን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ይኸው ነው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። ጠዋት ፈርሞ ይዞት ሄዷል።