ባት ሲይዝ መራመድ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ2018 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞላው። በሥጋ ደዌ ሕክምና ስሙ የታወቀው ይህ ተቋም ለሕሙማን ካስተማራቸው ነገሮች ሁሉ እኔ የማስቀድመው እግርን በየቀኑ ማየትን ነው፤ ጣት በጣት፣ ውስጥ እግርን ጭምር። ዛሬ ይኸው ልማድ የእግር ደም ቅዳ ቧንቧቸው ለጠበበባቸውም ያስፈልጋል፤ በተለይ ስኳር ላለባቸው።

ሕመሙ እምብዛም አይታወቅም። ጥቂት ሲራመዱ ባት ጨምድዶ ይይዛል፣ ቆም ሲሉ ይለቃል። ቤተሰብ "ሪህ ነው"፣ "ብርድ መትቶት ነው" ይላል፤ ሕመምተኛውም ቀስ በቀስ ከቤት መውጣት ይተዋል። የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ለክንዱ ተካፍሎ ከ0.9 በታች ከሆነ ግን ጥፋቱ የቧንቧው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳለባቸው ተገምቶ ነበር።

ብዙ ያከራከረው የእርምጃው ጉዳይ ነው። ላርሰንና ላሰን የተባሉ የዴንማርክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1966 በየቀኑ መራመድ ሕመምተኛው ሳይቆም የሚሄደውን ርቀት እንደሚያስረዝም አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው "እስኪያም ነው ወይስ ሳያም?" የሚል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካዊቷ ሐኪም ሜሪ ማክደርሞት ከባልደረቦቿ ጋር 305 ሰዎችን ለ12 ወራት ተከታትላ ያወጣችው ጥናት ለእኔ አሳማኝ ነው። ባታቸው እስኪያም የተራመዱት በ6 ደቂቃ የሚሄዱት ርቀት በ34 ሜትር ገደማ ጨመረ፤ ሕመም ሳይሰማቸው በዝግታ የተራመዱት ግን ምንም ካልሠሩት አልተሻሉም። ሕመሙ ሰውን ያሰለቻል፣ ያስተዋል የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ እውነትም አላቸው። ቢሆንም "እግርህን አሳርፈው" የሚለው የዘመድ ምክር ሕመምተኛውን እየጎዳው ነው። የሚመከረው እስኪያም ሄዶ፣ አርፎ፣ እንደገና መነሣት ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። ልቡን የሚያመው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። የኮልፌ ዳገት ባትን ቶሎ ስለሚይዝ ጀማሪው ሜዳ ቢመርጥ ይሻለዋል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተጀመረው የኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለዚህ ይመቻሉ።

ሲጋራ ላይ ክርክር የለም፤ መቆም አለበት። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን መከልከሉ ያግዛል። የኮሌስትሮል፣ የግፊትና የስኳር መድኃኒት፣ እንዲሁም ሐኪም ያዘዘው አስፕሪን ሕመሙ ሲቀል የሚተው አይደለም። ጨውና የሚረጋ ዘይት ይቀነስ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ክረምት ሲገባ የቀዘቀዘ እግርን ከሰል ላይ ወይም በፈላ ውሃ ማሞቅ ነው። ስሜቱ የደከመ እግር መቃጠሉን አያውቅም፣ ደም ያነሰው ቁስልም አይድንም። ወፍራም ካልሲ ይበቃል። ሌሊት ተኝተው የሚያም እግር፣ የማይድን ቁስል ወይም የጠቆረ ጣት ያለበት ሰው ግን እርምጃውን ትቶ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።