በቅንብር ላይ የሚቆራረጥ ቪዲዮ፦ ምንነቱና መንስኤው

የቪዲዮ ቅንብር፣ በተለምዶ ኤዲቲንግ የሚባለው ሙያ፣ በካሜራ የተቀረጸውን ምስልና ድምፅ በኮምፒውተር ላይ እየቆረጡና እየቀጠሉ አንድ ወጥ ሥራ ማድረግ ሲሆን፣ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ፣ እንደ ሌሎቹ የወረዳ ከተሞች ሁሉ፣ ዋነኛ ገበያው ሠርግ ነው። የጥር ሠርግ ሲደራረብ ፎቶ ቤቱ የብዙ ቤተሰብ ቅጂ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይዞ ይሠራል፤ የሙሽሮቹ ዘመዶች፣ በተለይም በአረብ አገርና በአሜሪካ ያሉት፣ ቪዲዮው ቶሎ እንዲደርሳቸው ይወተውታሉ። በዚህ ጊዜ ሥራውን ክፉኛ የሚያጓትተው ባለሙያዎቹ «ስታክ ያደርጋል» የሚሉት ችግር፣ ማለትም ምስሉ በሶፍትዌሩ መስኮት ውስጥ እየዘለለና እየቆመ መታየቱ ነው። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በኮምፒውተሩ አቅም ላይ ስለሚጣል መፍትሔውም አዲስ ማሽን መግዛት ብቻ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ መቆራረጡ ከፋይሉ አሠራር ወይም ፋይሉ ከተቀመጠበት ዲስክ የሚመጣበት ጊዜ እጅግ ብዙ በመሆኑ፣ መንስኤውን ሳይለዩ ማሽን የቀየሩ ሰዎችን ያው ችግር አዲሱ ማሽን ላይ ተከትሏቸው ይመጣል።

ቪዲዮ ፍሬም የሚባሉ ቋሚ ሥዕሎች በፍጥነት ሲፈራረቁ ዓይን እንደ እንቅስቃሴ የሚቀበለው ነገር ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር የተከተለው በሰከንድ 25 ፍሬም የማሳየት ሥርዓት ዛሬም ለአገር ውስጥ ቅንብር ተስማሚ ነው፤ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ በአምፖል ብርሃን የተቀረጸ ምስል ከዚህ ቁጥር ጋር ሲጣጣም አይርገበገብም። በዚህ ስሌት እያንዳንዱ ፍሬም ያለው ዕድሜ 40 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ኮምፒውተሩ ፍሬሙን ከዲስክ ያነባል፣ የታመቀውን ይፈታል፣ ቀለምና ጽሑፍ ከተጨመረበት ያንን ያሰላል፣ ከዚያም ወደ ስክሪን ይልካል፤ ከአራቱ አንዱ ከዘገየ ፍሬሙ ይዘለላል። ሶፍትዌሩ ጊዜ የሚለካው በአብዛኛው በድምፁ በመሆኑ ድምፅ ምስልን ቆሞ አይጠብቅም፤ ስለዚህ የዘገየው ፍሬም ተጥሎ የሚቀጥለው ይታያል። የብሉቱዝ ስፒከር ሲቋረጥ ወይም የድምፅ መሣሪያው ምርጫ ሲዛባ ምስሉም አብሮ የሚቆመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህን የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው።

ጉዳቱ በግልጽ የሚታየው በእስክስታ ላይ ነው። አንድ የትከሻ ምት ወርዶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ፍሬሞች ብቻ ስለሆነ፣ ከእነዚያ ሁለት ሦስቱ ሲዘለሉ ትከሻው ሲወርድ ታይቶ ሲመለስ አይታይም፤ በከበሮው ምት ላይ ሊቆርጥ የፈለገው አቀናባሪም መቁረጫውን በግምት ያሳርፋል፣ ግምቱ ደግሞ ሁለትና ሦስት ፍሬም ይስታል። ተመልካቹ ይህን በስም አይጠራውም፤ ጭፈራው ከማሲንቆው ጋር እንዳልሄደ ግን ይሰማዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት፣ መቆራረጡ በቅንብር መስኮት ላይ ብቻ የሚታይ ነው ወይስ በፋይሉ ውስጥ ያለ የሚለው ነው። በመስኮቱ ብቻ የሚታየው የተጠናቀቀውን ሥራ አይነካውም፤ ኤክስፖርት ሲደረግ፣ ማለትም የመጨረሻው ፋይል ሲወጣ፣ ኮምፒውተሩ 40 ሚሊ ሰከንድ የሚባል ገደብ ስለሌለበት ለአንድ ፍሬም የፈለገውን ያህል ጊዜ ወስዶ ሁሉንም በሥርዓቱ ይጽፋል። ሁለተኛው ዓይነት ግን አብሮ ይወጣል። በሰከንድ 30 ፍሬም የቀረጸ ስልክ በ25 ፍሬም ቅንብር ውስጥ ሲገባ ከየስድስቱ ፍሬም አንዱ ስለሚጣል እንቅስቃሴው በየጊዜው ይንገጫገጫል፣ ይህንንም የትኛውም ጠንካራ ኮምፒውተር አያድነውም። ከዚህም በላይ ስልኮች ብርሃን በሚያንስበት ዳስ ውስጥ የፍሬሙን ፍጥነት ራሳቸው ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ፤ ተለዋዋጭ የፍሬም ፍጥነት የሚባለው ይህ ጠባይ የቅንብር ሶፍትዌሮችን ስለሚያውክ፣ ከእንግዶች ስልክ የተሰበሰበ ቅጂ ወደ ቅንብር ከመግባቱ በፊት ሃንድብሬክ በመሰለ ነጻ ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍጥነት ቢቀየር ይመረጣል። ቅጂው በቴሌግራም ሲላክም በፋይል መልክ ካልሆነ ጥራቱ እንደሚቀነስ ላኪውን ማሳሰብ ያስፈልጋል።

የችግሩ ሥር ያለው በኮዴክ ላይ ነው፤ ኮዴክ ቪዲዮን አምቆ የሚያስቀምጥና መልሶ የሚፈታ ስልት ነው። ባለ 4ኬ አንድ ፍሬም 8 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ስላሉት ሳይታመቅ ወደ 25 ሜጋባይት፣ በሰከንድ ደግሞ ከ600 ሜጋባይት በላይ ይይዛል፤ ይህን ተራ ካርድ ሊሸከመው ስለማይችል ካሜራዎችና ስልኮች በ1995 ዓ.ም የጸደቀውን ኤች 264ን ወይም ከእርሱ አሥር ዓመት በኋላ የመጣውን ኤች 265ን ይጠቀማሉ። ሁለቱም ሙሉ ሥዕል የሚያስቀምጡት አልፎ አልፎ ሲሆን፣ በመካከል ያሉት ፍሬሞች ከፊታቸው ወይም ከኋላቸው ካለው ፍሬም የተለየውን ብቻ ይመዘግባሉ። አሠራሩ በጋይንቱ ቤተልሔም ከሚሰጠው የድጓ ትምህርት ጋር ይቀራረባል፤ በቃሉ ላይ የሚጻፈው የዜማ ምልክት ከሚታወቅ ዜማ የተወሰደ አጭር ፊደል በመሆኑ፣ መነሻውን ዜማ በልቡ ያልያዘ ተማሪ ምልክቱን አይቶ ሊያዜም አይችልም። ኮምፒውተሩም እንዲሁ አንድን መካከለኛ ፍሬም ለማሳየት መነሻ የሆኑትን ፍሬሞች ሁሉ ቀድሞ መፍታት አለበት። ቪዲዮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲታይ ይህ ቀላል ነው፤ አቀናባሪ ግን ወደፊትና ወደኋላ እየዘለለ፣ በየሰከንዱ እየቆረጠ ስለሚሠራ፣ እያንዳንዱ ዝላይ ፍቺውን እንደገና ያስጀምረዋል። በቪኤልሲ ማጫወቻ ላይ ያለ እንከን የሚታይ ፋይል እንደ ፕሪሚየር ፕሮና ዳቪንቺ ሪዞልቭ ባሉ የቅንብር ሶፍትዌሮች ውስጥ ስታክ የሚያደርገው ለዚህ ነው። የማሳያውን ጥራት ወደ ግማሽ ወይም ሩብ ዝቅ ማድረግ የቀለምና የኤፌክት ስሌትን ቢያቀልም፣ የታመቀው ፍሬም አስቀድሞ በሙሉ መፈታት ስላለበት በኤች 265 ቅጂ ላይ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው በታች ነው።

የዲስኩ ነገር በቁጥር የሚታይ ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በየሰከንዱ 12.5 ሜጋባይት ይፈልጋል፤ ሠርጉ በሦስት ካሜራ ከተቀረጸና ሦስቱ ጎን ለጎን እየታዩ ከተቀናበሩ ፍላጎቱ 37.5 ሜጋባይት ይሆናል። በዩኤስቢ 2.0 የተሰካ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በተግባር የሚያቀብለው በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ስለሆነ፣ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መስመሩ ይጠባል። ያንኑ ዲስክ ወደ ዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳ ማዛወር ያለ አንዳች ወጪ ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ አለ፤ ቅጂውን ወደ ኤስኤስዲ መገልበጥ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። በቀጥታ ከካሜራ ካርድ ወይም ከፍላሽ ላይ ማቀናበር ግን ፍጥነትንም ቅጂውንም ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ መሥራት ይጀምራል፣ ኃይል ለመቆጠብም የፕሮሰሰሩንና የግራፊክስ ካርዱን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ቀን ያለ ችግር ሲሄድ የነበረ ቅንብር ማታ የሚቆራረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሙቀትም ተመሳሳይ ውጤት አለው፤ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ሥራውን ያዘገያል። ነፋስ መውጫ ወደ 3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል፣ የማቀዝቀዣው ፋን የሚገፋው አየርም በዚያው ልክ ያንሳል፤ የአካባቢው ብርድ ይህን ጉድለት በአብዛኛው ያካክሰዋል። ወደ ዓባይና በሽሎ ሸለቆ በሚወርደው የስማዳ ቆላ ግን ሙቀቱ ራሱ ጠላት ነው። በሁሉም ቦታ በፋኑ ላይ የሚጋገረው አቧራ መጠረግ አለበት፤ ላፕቶፕን ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ ማቀናበርም አይገባም።

መንስኤውን ለመለየት የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ይበቃል። ቪዲዮው ሲቆራረጥ የዲስኩ የሥራ ጫና 100 ከመቶ ደርሶ ፕሮሰሰሩ ካረፈ ጥፋቱ የማከማቻው ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሞልቶ ዲስኩ ካረፈ የኮዴኩ ወይም የኤፌክቱ ነው፤ ራሙ ከሞላ፣ ከጎን የተከፈተው ብሮውዘር ሲዘጋ ለውጡ ወዲያው ይታያል። ፕሮሰሰሩ በሞላ ጊዜ ደግሞ ኤፌክቶቹን ለጊዜው አጥፍቶ ማየት ጥፋቱ የኮዴኩ ነው ወይስ የኤፌክቱ የሚለውን ይለያል። በፕሪሚየር ታይምላይን አናት ላይ የሚታየው ቀይ መስመር ያ ክፍል ቀድሞ ካልተሰላ በትክክለኛው ፍጥነት ላይሄድ እንደሚችል የሚያመለክት ሲሆን፣ ሬንደር ተደርጎ፣ ማለትም ስሌቱ አስቀድሞ ተሠርቶ ሲቀመጥ፣ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል።

አቅሙ መጠነኛ ለሆነ ፎቶ ቤት ከሁሉም የሚበልጠው መላ ግን ፕሮክሲ ነው። ፕሮክሲ ከዋናው ቅጂ የሚወጣ፣ መጠኑ ያነሰና ለመፍታት የማያስቸግር ተተኪ ፋይል ነው፤ ፕሮሬስና ዲኤንኤክስኤችአር የመሰሉት ኮዴኮች እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ሙሉ አድርገው ስለሚያስቀምጡ አቀናባሪው የትም ቢዘል ፍሬሙ ወዲያው ይገኛል። የፕሮሬስ ፕሮክሲ በ1080 ጥራትና በ25 ፍሬም ለአንድ ሰዓት ቅጂ 17 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ዋናው የ100 ሜጋቢት ቅጂ ግን 45 ጊጋባይት ነው። ፕሮክሲው የሚዘጋጀው ማሽኑ ሌሊት ብቻውን በሚሠራበት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ የሚጠይቀው የዲስክ ቦታና ትዕግሥት ብቻ ስለሆነ፣ በብድር ገንዘብ አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት በፊት ሊሞከር የሚገባው ይህ ነው። ቅንብሩ አልቆ ኤክስፖርት ሲደረግ ሶፍትዌሩ በራሱ ወደ ዋናው ቅጂ ይመለሳል፣ በመሆኑም የመጨረሻው ቪዲዮ ጥራት አይነካም፤ ለዚህ ግን ዋናዎቹ ፋይሎች ስማቸውም ቦታቸውም ሳይለወጥ መቆየት፣ የፕሮክሲው የፍሬም ፍጥነትና የድምፅ መስመር ቁጥርም ከዋናው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ዋናውን ቅጂ የያዘው ውጫዊ ዲስክም በኤክስፖርት ሰዓት ከኮምፒውተሩ ጋር ተሰክቶ መገኘት ይኖርበታል።