የአደራ ቤት ለውሻና ለድመት

ከብት ያለው ገበሬ አደራ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሰው ሲታመም ወይም ሩቅ አገር ሲሄድ ላሙን ለጎረቤቱ ይሰጣል። ጎረቤትየው ያበላታል፣ ያጠጣታል፣ ማታ ማታ ጅብ እንዳይነካት በረት ያስገባታል። ባለቤቱ ሲመለስ ላሙን ይረከባል። አደራ ተቀባዩም ቢሆን ባዶ እጁን አይቀርም። ቢያንስ ወተቷን ይጠጣል።

አሁን የምናወራው አደራ ግን ወተትም የለው፣ ጥጃም የለው። በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ከመንገድ የተነሳ ውሻ ወይም ድመት ቤታቸው ያስገባሉ። ያበሉታል፣ ያስታምሙታል፣ ከሰው ጋር መኖር ያለማምዱታል። ሲሻለው ለሌላ ሰው ያስረክቡታል። ለዚህ ሥራቸው ደመወዝ የላቸውም። በፈቃዳቸው ነው የሚሠሩት።

«እንዴ! ሰው ጠግቦ ባላደረበት ዓለም ለውሻ አደራ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገሩን ከሥሩ ስናየው ግን የውሻ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አናገኘውም።

በመጀመሪያ ታሪኩን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1860 ሜሪ ቲልቢ የምትባል አንዲት ሴት በለንደን ከተማ፣ ሆሎዌይ በተባለ ሰፈር፣ ለውሾች ቤት ከፈተች። የቤቱ ስም «ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ጊዜያዊ መጠለያ» የሚል ነበር። «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ውሻው እስኪያገግምና ጌታ እስኪያገኝ ድረስ ነው እንጂ እዚያው ሊያረጅ አይደለም። በዚያን ጊዜ ሴትዮዋን በጋዜጣ ሳቁባት። ድሀ ሰው መንገድ ላይ በሚያድርበት ከተማ ለውሻ ቤት መክፈት ምን የሚሉት ነው አሉ። እንግዲህ የእኛ ጥያቄ ያኔም ተነስቶ ነበር ማለት ነው። ሜሪ ቲልቢ በ1865 ሞተች። ቤቱ ግን አልተዘጋም። በ1871 ባተርሲ ወደሚባል ሰፈር ተዛወረ። ከ1883 ጀምሮ ድመትም ይቀበላል። ዛሬም እዚያው ባተርሲ ይሠራል።

ታዲያ መጠለያ ካለ የአደራ ቤት ለምን አስፈለገ?

መጠለያ ማለት በተርታ የተሠሩ ክፍሎች ያሉበት ቤት ነው። አንዱ ውሻ ሲጮኽ ሁሉም ይጮኻሉ። ፈሪ ውሻ ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል፣ ምግብ ይተዋል። ሊወስደው የመጣ ሰው ሲያየው «ይሄስ በሽተኛ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አንዱ ካሳለ ደግሞ ሳሉ ለሌላው ይተርፋል። ከሁሉ የከፋው ግን የቦታ ጉዳይ ነው። ክፍሉ ሲሞላ፣ አዲስ ለመጣው ቦታ ለማግኘት ከነበሩት አንዱን በመርፌ መግደል ይመጣል። አንድ ትልቅ የአሜሪካ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ባወጣው ግምት መሠረት፣ በ2019 በአገሪቱ ወደ መጠለያ የገቡት ውሾችና ድመቶች 6.3 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 920 ሺህ ያህሉ ተገድለዋል። በ1970ዎቹ ይገደሉ የነበሩት ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ቁጥሩ የቀነሰው በይበልጥ እንስሳቱን ማምከን ስለተለመደ ነው። ቢሆንም የአደራ ቤቶችም ድርሻ አላቸው። አንድ ሰው አንድ ውሻ ወደ ቤቱ ሲወስድ አንድ ክፍል ይለቀቃል። የዚያን ቀን የሚገደል የነበረው ውሻ ይተርፋል።

ከሁሉ ይልቅ አደራ የሚያስፈልጋቸው እናት የሌላቸው የድመት ግልገሎች ናቸው። እነዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ድመት ባረገዘች በሁለት ወር ትወልዳለች። ራሷም ገና በአራትና በአምስት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች። ስለዚህ ሙቀቱ በሚጀምርባቸው ወራት በአሜሪካ ከተሞች የድመት ግልገል በየጓሮው ይገኛል። አዲስ የተወለደ ግልገል 100 ግራም ያህል ነው የሚመዝነው። ዓይኑ ተዘግቷል። ገላውን ራሱ ማሞቅ አይችልም። ሌላው ቀርቶ ሽንቱን እንኳ ብቻውን መሽናት አይችልም። እናቱ በምላሷ ስትልሰው ነው የሚሸናው። እናቲቱ ከሌለች አደራ ተቀባዩ ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጨርቅ ያሻሸዋል።

ማጥባቱም ዘዴ አለው። የላም ወተት አይሰጠውም፤ ያስቀምጠዋል። ተቅማጥ ደግሞ ይህችን የምታክል ነፍስ ወዲያው ያደርቃታል። ለግልገል ድመት ተብሎ የተዘጋጀ ወተት አለ፤ እሱን በትንሽ ጡጦ ያጠቡታል። እንደ ሕፃን በጀርባው አጋድመው ካጠቡት ወተቱ ወደ ሳንባው ሊገባና ሊገድለው ይችላል። እናቱን ሲጠባ እንደሚሆነው በሆዱ መተኛት አለበት። ብርድ የያዘው ግልገል ደግሞ አስቀድሞ ይሞቃል እንጂ ወዲያው አይጠባም፤ ገላው ከቀዘቀዘ ሆዱ ወተት አይፈጭም። ይህን የማያውቅ ደግ ሰው ብርድ ያደነዘዘውን ግልገል ከመንገድ አንስቶ ቶሎ ወተት ይግተዋል። ግልገሉም ይሞትበታል። ሰውየው በረሃብ የሞተ ይመስለዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ግልገሉ የሚጠባው በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ነው፤ ሌሊቱንም ጭምር። መጠለያው ደግሞ ማታ ይዘጋል። ሠራተኛው ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንግዲህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ እንደገናም 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ ጡጦ የሚያሞቅ ሰው ካልተገኘ የግልገሉ ነገር አበቃ። አደራ ተቀባዮች በየቀኑ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑታል። ክብደቱንም በደብተር ይጽፋሉ። በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር አለበት። ከትናንቱ ካልጨመረ፣ ግልገሉ ሲያዩት ደህና ቢመስልም እንኳ ሐኪም ይጠየቃል።

ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ዓይኑ ይገለጣል። አንድ ወር ሲጠጋው ጥርስ ያበቅላል፣ የራሰ ምግብ መላስ ይጀምራል። ሁለት ወር ሲሞላው አንድ ኪሎ ሊደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው። ያን ጊዜ ይከተባል፣ እንዳይወልድ ይመክናል፣ ለሚወስደው ሰው ዝግጁ ይሆናል። ሁሉም እዚህ ይደርሳል ማለት አይደለም። አደራ ከተሰጡት አምስት ግልገሎች ሁለቱ ሊሞቱ ይችላሉ። አደራ ተቀባዩ የሞተውን እየቀበረ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ለቀሩት ጡጦ ያሞቃል።

የውሻው ሥራ ሌላ ነው። ትልቅ ውሻ ጡጦ አይፈልግም። ሰው ደብድቦት የኖረ ውሻ እጅ ሲነሳ ባየ ቁጥር ይሸሻል። ቤት ውስጥ ኖሮ የማያውቅም ደረጃ መውጣት ይፈራል፣ ምንጣፍ ላይ ይሸናል። አደራ ተቀባዩ ቢመታው ያው የድሮውን ጌታ መሆኑ ነው። ስለዚህ በሰዓቱ ደጅ ይወስደዋል፤ ደጅ ሲሸና ያሞግሰዋል፣ ቁራሽ ነገር ያጎርሰዋል። ቡችላ ከሆነ ደግሞ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ልጅ፣ መኪና፣ ሌላ ውሻ፣ እንግዳ ሰው ማየት አለበት። ያኔ ያላየውን ሲያድግ ይፈራዋል። የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል።

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የልብ ትል የሚባል የውሻ በሽታ በብዛት አለ። ወባን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ በሽታውን ከውሻ ወደ ውሻ የምታደርሰው ትንኝ ናት። ትሉ የውሻው ልብና የሳንባው ደም ሥር ውስጥ ይኖራል። ሕክምናው ወራት ይፈጃል። በእነዚያ ወራት ውሻው መሮጥና መፈንጠዝ ክልክል ነው፤ የሞተው ትል ስብርባሪ ደም ሥሩን ሊዘጋው ይችላል። ሌሎች መቶ ውሾች በሚጮኹበት ቤት ውስጥ አንዱን ጸጥ አድርጎ ማስቀመጥ እንዴት ይሆናል? ስለዚህ እንዲህ ያለው ውሻ ጸጥ ያለ ቤት ይፈለግለታል።

ስለ ውሉ ባጭሩ ልናገር። እንስሳው የድርጅቱ ነው፤ አደራ ተቀባዩ ሊሸጠውም ሆነ ለወደደው ሊሰጠው አይችልም። የሐኪሙን ወጪ፣ ብዙ ጊዜም የምግቡን፣ ድርጅቱ ይችላል። ሰውየው የሚያዋጣው ቤቱንና ጊዜውን ነው። ቤቱ ውሻ ወይም ድመት ካለው መከተቡ ይጠየቃል። አዲሱም እንስሳ በሽታ ይዞ እንደሆነ እስኪታወቅ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻው በአንድ ክፍል ይቀመጣል።

የእብድ ውሻ በሽታን ነገር እኛም አገር ሁሉም ያውቀዋል። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ወዲያ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው አሜሪካ ውስጥ የአደራ ውሻ ሰው ከነከሰ ነገሩ የማይደበቀው። ለጤና ጥበቃ ሰዎች ይነገራል፣ ውሻውም 10 ቀን ታግዶ ይጠበቃል። የተነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ይህኛው ለእንግሊዝም፣ ለአሜሪካም፣ ለእኛም ያው አንድ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በእንግሊዝ አገር ዶግስ ትረስት የሚባል የውሾች ድርጅት አለ። በ2004 ለየት ያለ የአደራ ሥራ ጀመረ። ባሏ የሚደበድባት ሴት ሸሽታ የምትጠጋበት ቤት ብዙውን ጊዜ ውሻ አይቀበልም። ውሻውን ትታ ብትሄድ ደግሞ ባልየው ይገድለዋል ብላ ትፈራለች፤ አንዳንዱም እንዲሁ ብሎ ያስፈራራታል። በዚህ ምክንያት ዱላውን ችላ የምትቀመጥ ሴት አለች። ልጆቿም አብረው ይቀመጣሉ። ድርጅቱ ታዲያ ውሻዋን ተቀብሎ በአደራ ቤት ያስቀምጥላታል። ባልየው በውሻው በኩል ዱካዋን እንዳያገኝ የአደራ ቤቱ የት እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ሴትዮዋ ቤት ስታገኝ ውሻዋ ይመለስላታል። እንዲህ ያለው አደራ የውሻ ነው ወይስ የሰው? እኔ የሰው ነው እላለሁ። ለውሻ የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ልክ ነው ወይ የሚለው ግን ሌላ ክርክር ነው፤ አንባቢ ከጎረቤቱ ጋር ቢከራከርበት አልከለክልም።

በመጨረሻ የመሸኛው ቀን ይመጣል። እንስሳውን ሊወስድ የመጣው ሰው ይጠይቃል፤ አደራ ተቀባዩም ያየውን ሳይደብቅ ይናገራል። «ነጎድጓድ ሲሰማ አልጋ ሥር ይገባል። ከልጆች ጋር ደህና ነው። ዶሮ ካየ ግን አትመኑት።» በሽቦ ክፍል ብቻ ያየው ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም። አንዳንዱ አደራ ተቀባይ ስንብቱ አቅቶት እንስሳውን ራሱ ያስቀረዋል። ባልደረቦቹም «ወደቀ!» ብለው ይስቁበታል፣ በፈተና እንደወደቀ ተማሪ። ብዙ ሰው ከወደቀ ግን ለሚመጣው ቦታ አይኖርም። ስለዚህ አብዛኛዎቹ እያለቀሱም ቢሆን ያስረክባሉ።

ከዚያ ጨርቁ ይታጠባል። ወለሉም በበረኪና ይወለወላል፤ ግልገሎችን የሚጨርስ አንድ የድመት በሽታ አለ፣ ተራ ሳሙና አያጠፋውም፣ ቤት ውስጥም እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ጡጦው ይቀቀላል፣ ሚዛኑ ይጸዳል። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ይደወላል። አራት ግልገሎች ተገኝተዋል፣ ዓይናቸው ገና አልተገለጠም ይላል የሚደውለው ሰው።