ባሕር ማዶ የሄደው ቤተሰብ፦ ናፍቆት የምንለው ሕመም

ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያው ገጠር በዲቪ ዕጣ ወይም በቤተሰብ ጥሪ ልጁን፣ እህቱን ወይም ወንድሙን ከነቤተሰቡ ወደ ሩቅ አገር የሸኘ ሰው በመካከላችን ብዙ ነው። ስልክ ሲደወል የምንሰማውም ወሬ ይመሳሰላል። «ወገቤንና ጭኔን ያመኛል፣ ደረጃ መውጣት አቃተኝ፣ ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት ገና አልሄደም፣ ጠዋት መነሳት ተራራ ሆኖብኛል» ይባላል። እዚህ ያለችው እናትም «ናፍቆት ነው ልጄ፣ ዱዓ አድርጊ፣ ይለቅሻል» ብላ ታጽናናለች። ናፍቆቱ እውነት ነው፣ ዱዓውም አይቅር። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሕመሞች መካከል በአንድ የደም ምርመራ የሚታወቅና በጥቂት ጠብታ የሚድን ስላለ፣ ምክር በስልክ የምትልኩ እናቶችም ሆናችሁ ሻንጣ በማዘጋጀት ላይ ያላችሁ ወገኖች ከወዲሁ እንድታውቁት በማሰብ ይህን ጽፌያለሁ።

የፀሐይ ነገር

ፍኖተ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ሚኒያፖሊስ 45፣ ለንደን 51፣ ስቶክሆልም 59 ዲግሪ ላይ ናቸው። ይህ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን በብርዱ ወራት ፀሐይዋ ከአድማስ ብዙም ሳትርቅ ዞራ ትጠልቃለች። (እነርሱ ክረምት የሚሉት የእኛን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሳይሆን ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን የበረዶ ጊዜ መሆኑን ልብ ይሏል።) ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ዓይነት ጨረር ነው። ይህ ጨረር በእነዚያ ወራት መሬት ላይ የሚደርሰው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ስለሆነም ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ብትታይም ቆዳው ሥራ ፈትቶ ይከርማል። በመስኮት ገብታ ምንጣፍ ላይ የምታርፈው ፀሐይም ለዚህ አትጠቅምም፤ መስታወት ጨረሩን ያስቀረዋል።

በዚህ ላይ የእኛ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ የተሠራው ለጠንካራ ፀሐይ ነው። በደካማ ፀሐይ ከነጮቹ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ልጅ የምታሳድግ፣ ወጣ ስትልም በካፖርትና በሒጃብ የምትሸፈን እህት ደግሞ ከሁሉም በላይ ትጎዳለች። እዚህ ላይ አንዳንዶች ጥፋቱን ሁሉ ሒጃብ ላይ ሲጭኑት እሰማለሁ። በዚያ ብርድ ግን ሒጃብ ለባሿም ያልለበሰችውም፣ ሌሊት ታክሲ ነድቶ ቀን የሚተኛው አባወራም ከአፍንጫቸው በቀር የሚታይ አካል የላቸውም። መፍትሔው ልብስ ማውለቅ ሳይሆን ጠብታውን መውሰድ ነው።

ቫይታሚን ዲ ሲያንስ አጥንት ካልሲየም አያገኝም። በአዋቂ ላይ የወገብ፣ የዳሌና የጭን ሕመም፣ ከተቀመጡበት ለመነሳትና ደረጃ ለመውጣት መቸገር ያስከትላል። በሕፃን ላይ ጥርስና እግር ይዘገያል፣ እግሩ ሲቆም ይደገናል፤ ይህ ሪኬትስ የሚባለው ነው። (ፀሐይ በሞላበት በእኛም አገር ሕፃን ተሸፋፍኖ ቤት ስለሚውል ሪኬትስ እንደሚታይ ሐኪሞቻችን ያውቃሉ፤ እዚያማ ምን ሊባል ነው?) ነፍሰ ጡር እናት ካነሳት ልጁም ጎድሎበት ይወለዳል። የእናት ጡት ወተት ከምግብ ሁሉ የላቀ ቢሆንም ቫይታሚን ዲ ግን ጥቂት ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ጡት የሚጠባ ሕፃን ከተወለደ ከጥቂት ቀናት ጀምሮ በየቀኑ 400 ዩኒት (10 ማይክሮግራም) ጠብታ እንዲያገኝ ያዛሉ። በዚያው አገር ለአዋቂ የተመደበው 600 ዩኒት ነው። የእንግሊዝ ጤና ባለሥልጣናት ደግሞ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሁሉም ሰው፣ ጥቁር ቆዳ ያለውና የሚሸፈን ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ በቀን 10 ማይክሮግራም እንዲወስድ ያሳስባሉ። ልጃችሁ ስትደውል «ጠብታውን ለልጁ ትሰጪዋለሽ ወይ? አንቺስ ተመርምረሻል?» ብላችሁ ጠይቋት። በተቃራኒው «ቶሎ ይሻልሽ» ብሎ ማብዛት ጎጂ ነው። ሐኪም 50,000 ዩኒት የሚያዝላቸው አሉ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው። በየቀኑ የወሰደው ሰው ካልሲየሙ በደሙ ውስጥ በዝቶ ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል።

እንክብሉ ሐላል ነው ወይ?

ይህን ጥያቄ በፋርማሲ መስኮት ደጋግሜ ስለምሰማ ጥቂት ልበልበት። ቫይታሚን ዲ 3 በአብዛኛው የሚሠራው ከበግ ሱፍ ላይ ከሚጠረግ ቅባት ነው። ጥያቄው ያለው መጠቅለያው ላይ ነው። ለስላሳው እንክብልና ብዙው ካፕሱል ከጀላቲን ይሠራል፤ ጀላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኩዌት ላይ በተካሄደ የእስልምና የሕክምና ሳይንስ ድርጅት ጉባኤ የተሰበሰቡ ዑለሞች ጀላቲን ባሕርይው ተለውጦ ሌላ ነገር ሆኗል በማለት ፈቅደውታል፤ ይህን ያልተቀበሉ ዑለሞችም አሉ። ፈትዋ መስጠት የእኔ ድርሻ ስላልሆነ የየአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ። ከሙያዬ የምነግራችሁ ግን ምርጫ መኖሩን ነው። ፋርማሲስቱን «ጠብታ፣ ደረቅ ኪኒን ወይም ከዕፅዋት የተሠራ ካፕሱል አለ?» ማለት ይበቃል። በእንግሊዝ ለልጆች በአፍንጫ የሚረጨው የጉንፋን ክትባት የአሳማ ጀላቲን ስላለበት የማይፈልጉ ወላጆች በመርፌ የሚሰጠውን ያለ ጀላቲን እንዲያገኙ ተደርጓል። የማይሆነው ነገር፣ የልብ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን «ካፕሱሉ አጠራጠረኝ» ብሎ ለማንም ሳይነግሩ ማቆም ነው።

ከማዕዱ ላይ የጠፋው

ከሄደው ቤተሰብ ማዕድ ላይ መጀመሪያ የሚለወጠው እንጀራው ነው። አገራችን ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከለከለች። በአሜሪካ ከአይዳሆ የሚመጣ ጤፍ ቢኖርም ዋጋው ስለሚከብድ ብዙው ሰው ነጭ የስንዴ ዱቄት እየደባለቀ፣ አንዳንዱም ጤፉን ጨርሶ ትቶ ይጋግራል። ዓይኑ ያው፣ መልኩም ያው እንጀራ ነው፤ ሆኖም ነጩ ዱቄት ቶሎ ወደ ስኳርነት ይለወጣል፣ የጤፉም ብረትና አሰር አብሮ ይቀራል። ጤፍ ካነሰ የሚቀላቀለው ያልተበጠረ የገብስ ወይም የማሽላ ዱቄት ቢሆን ይመረጣል። ሽሮውና ምስሩ ደግሞ እዚያም ርካሽ ነውና «የድሃ ምግብ» ተብሎ አይተው።

ይህ ለውጥ ምን እንደሚያስከትል ከእኛው ክልል የሄዱ ሰዎች ታሪክ ያስተምረናል። ከጎንደርና ከአካባቢው የተነሱ ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነው ወደ እስራኤል ተጓጉዘዋል። እንደደረሱ የመረመሯቸው ሐኪሞች በመካከላቸው የስኳር በሽታ ያገኙት ከስንት አንድ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ግን በሽታው በፍጥነት ተስፋፋ፤ ያውም ወጣት በሆኑና ብዙም ባልወፈሩ ሰዎች ጭምር። ደሙ ያው የጎንደር ደም ነው። የተለወጠው ማዕዱ ነው፤ ገበያ ለመድረስ ሰዓታት በእግር ይሄድ የነበረውም ሰው አውቶቡስ ጠባቂ ሆነ።

በተለይ የምፈራው ለለስላሳ መጠጥና ለታሸገ ጭማቂ ነው። እዚህ የዒድ ቀን ይጠጣ የነበረው እዚያ ከውሃ ጎን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደረደራል። አንዷ 330 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ 35 ግራም ገደማ ስኳር፣ ማለትም ስምንት ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ትይዛለች። ሻይ ላይ ዘጠኝ ማንኪያ ስኳር ጨምሮ ለልጁ የሚሰጥ ወላጅ ግን አላየሁም።

ከዚህ የምንልከው ዕቃ

በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ጥሩ ስንቅ ነው። ቅቤና ቋንጣ ግን የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚገባ የሥጋና የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ ስለማያስገቡ አየር ማረፊያ ላይ ይጣላሉ። ድካማችሁን አታባክኑ።

ኩል አትላኩ። ዐይን ያበራል፣ ሱናም ነው እየተባለ ለሕፃን ሳይቀር የሚላከው ብዙው ኩል የእርሳስ ማዕድን ያለበት ነው። እርሳስ በሕፃን ደም ውስጥ ሲገባ ደም ማነስ ያመጣል፣ አእምሮውንም ሳይታወቅ ይጎዳል። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ኩልን በመዋቢያነት አይፈቅዱም። ሐኪሙ «የልጁ ደም እርሳስ ተገኘበት» ካለ ወላጆች ኩል ተቀብቶ እንደሆነ ሳይፈሩ ይናገሩ፤ አለበለዚያ ምክንያቱ ሲፈለግ ወራት ያልፋል።

ማሩንም ለአዋቂዎቹ አድርጉት። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር እንዳይቀምስ የሚከለከለው ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻ የሚያዝል መርዛማ በሽታ ስለሚያስከትልበት ነው። ለተሕኒክ ተምር በደንብ ታኝኮ ወይም ለስልሶ ላንቃው ላይ ይቀባል፤ ማሩ ልደቱን ይጠብቅ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «እዚያ ካለ ሐኪም ወረቀት አይሸጡም» እየተባለ ከዚህ የሚላከው አሞክሲሲሊን ነው። እዚያ የማይሸጡበት ምክንያት አላቸው። ግማሽ ፍሬ የተዋጠ ጸረ ተሕዋስ ጀርሙን ያለማምደዋል። ይባስ ብሎ ሳሉን ለጊዜው አለዝቦ ዋናውን በሽታ ይሸፍነዋል።

ለአዲሱ ሐኪም የሚነገረው

ብዙ ወገኖቻችን አዲሱ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ከዚህ በፊት ታመህ ታውቃለህ?» ሲባሉ «በጭራሽ» ይላሉ። ይመልሱናል ብለው ስለሚፈሩ ነው። ነገር ግን የዚያ አገር ሐኪም ዓባይንም ጣናንም አያውቅም። በልጅነታችሁ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ትዋኙ፣ ልብስ ታጥቡ ከነበረ ንገሩት። የቢልሃርዝያ ትል በሰው ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ጉበትና አንጀት ሲጎዳ እያለም ምልክቱ ላይታይ ይችላል፤ ሕክምናው ግን ፕራዚኳንቴል በሚባል ኪኒን በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው።

ሌላው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ነው። ክንድ ላይ የሚሰጠው መርፌ በልጅነት በተወሰደው የቢሲጂ ክትባት ምክንያት ሊያብጥ ስለሚችል በደም የሚደረገውን ምርመራ መጠየቅ ይቻላል። ያልነቃ ቲቢ አለብህ የተባለ ሰው አልታመመም፣ ለማንም አያስተላልፍም፤ አብሮት መብላትም መስገድም ይቻላል። ቆይቶ እንዳይነሳበት የሦስት ወይም የአራት ወር መድኃኒት ይሰጠዋል። ሪፋምፒሲን ከሆነ ሽንትንና እንባን ብርቱካናማ ያደርጋል፣ አያስደነግጥም። የወሊድ መከላከያ ኪኒንን ግን ኃይል ስለሚያሳጣ ባለትዳሮች ይህን ቀድመው ይጠይቁ።

ቋንቋ ካልተቻለ አስተርጓሚ ይጠየቅ። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ለሐኪም እንዲያስተረጉም ማድረግ ለሁለቱም ከባድ ነው፤ እሷም ሳትናገረው የምትቀረው ነገር ይኖራል።

ስለ ጾም አንድ ነገር ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ረመዳን በሰኔ ሲውል ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ ከ18 ሰዓት በላይ ሳትጠልቅ ትውል ነበር። አሁን ግን ወሩ ወደ ብርዱ ጊዜ ስለገባ ቀኑ አጭር ነው። ያም ሆኖ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰዓቱን ራሱ አያሸጋሽግ፤ ከረመዳን ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ሐኪሙን ካማከረ በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጠው በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ሊተካለት ይችላል።

ለዒድ ሲመጡ

በመጨረሻም ተመላሾቹን እናንሳ። የፍኖተ ሰላም ዙሪያና የጃቢ ጠህናን ቆላማው ክፍል የወባ አገር ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ሰውነታችን በመደጋገም የተለማመደው የመከላከል አቅም ከአገር ርቀው ሲቆዩ ይደክማል። እዚያ የተወለደው ልጅማ ጨርሶ የለውም። አያቱ ቤት ሁለት ሳምንት ያደረው ልጅ የእናቱ ዘመዶች «ትንሽ ንዳድ ናት» በሚሏት በሽታ በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል።

ስለዚህ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚመጡ ከሆነ ከመነሳታቸው በፊት የወባ መከላከያ ኪኒን ከሐኪማቸው ይቀበሉ። ክሎሮኪን ለዋናው የወባ ዓይነት ስለማይሠራ አቶቫኮን-ፕሮጓኒል ወይም ዶክሲሳይክሊን ይታዘዛል፤ ዶክሲሳይክሊን ለትንንሽ ልጆችና ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ኪኒኑ እዚህ እያሉም፣ ከተመለሱ በኋላም እንደየዓይነቱ ለአንድ ሳምንት ወይም ለአራት ሳምንት ይቀጥላል። እናንተም አጎበሩን ሳይመጡ ስቀሉላቸው። ተመልሰው ከሄዱ በኋላ በወራት ውስጥ ትኩሳት የያዘው ካለ ሐኪም ቤት ሲገባ የመጀመሪያ ቃሉ «ኢትዮጵያ ነበርኩ» የሚል ይሁን፤ የዚያ አገር ሐኪም ካልተነገረው ወባን አያስባትምና፣ ደሙም በዚያው ቀን ይታይ።