ነጩ የካንዴላ ሴራሚክ

ዛሬ ስለ ሴራሚክ ያወቅኩትን ላካፍላችሁ።

ባለፈው በጋ አጎቴ በሞተር ሳይክሉ ለጥጆቻችን ውሃ ያመላልስ ነበር። አንድ ቀን ካንዴላውን ፈታና ጥቀርሻው እንዲራገፍ ብሎ ድንጋይ ላይ መታ መታ አደረገው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ አልነሳ አለ። ጀሪካኖቹ ባዶ ቀሩ፣ ጥጆቹም ሳይጠጡ አደሩ። በማግስቱ መካኒኩ አየውና «ነጩ ተሰንጥቋል» አለ። እኔ ግን «ብረቱ ደህና ነው አይደል? ነጩ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጠየቅኩት። ለካ ዋናው እሱ ነው!

ያ ነጭ ነገር አሉሚና ይባላል። አሉሚኒየምና ኦክስጅን ተዋህደው የሚፈጠር ነው። ዱቄቱ ተጨምቆ ቅርጽ ይይዝና 1,600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ይተኮሳል። ጀበናም የሚጠነክረው በእሳት ነው፤ የጀበና እሳት ግን እዚህ አይደርስም።

አሉሚና ሦስት ጥሩ ጠባይ አለው።

1ኛ. ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ካንዴላ ውስጥ ከ10,000 ቮልት በላይ ያልፋል። ነጩ ደህና ከሆነ ኤሌክትሪኩ ጫፉ ድረስ ሄዶ ብልጭ ይልና ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። ከተሰነጠቀ ግን በስንጥቁ ወደ ብረቱ ያመልጣል፣ ጫፉ ላይ ብልጭታ የለም።

2ኛ. ሙቀት ይችላል። ብረት በ1,538 ዲግሪ ሲቀልጥ አሉሚና ግን 2,000 እስኪያልፍ አይቀልጥም።

3ኛ. በጣም ጠንካራ ነው። በሞስ መለኪያ አልማዝ 10 ሲሆን አሉሚና 9 ነው። ስለዚህ ብረት ለመቁረጫና ለመሳያ፣ ሐኪሞች ጋ ደግሞ ለሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ያገለግላል።

ድክመቱ አንድ ነው፦ ብረት ሲመታ ይጎብጣል፣ ሴራሚክ ግን እንደ ሲኒ ይሰነጠቃል።

አሉሚና በብዛት የሚወጣው ቦክሳይት ከሚባል ማዕድን ነው። በእኛ አቅራቢያ በጉጂ ምድር፣ ቦምቦዋሃ ላይ ደግሞ ካኦሊን የሚባል ነጭ አፈር አለ። እሱም ውስጡ አሉሚኒየም አለበት፤ ሴራሚክ ይሠራበታል።

ስለዚህ ሞተር ላላቸው አባቶቻችሁና ወንድሞቻችሁ ንገሩልኝ፦ ካንዴላ በብሩሽ ይጠረጋል እንጂ ድንጋይ ላይ አይመታም! አጎቴ አሁን ብሩሽ ገዝቷል።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል