የፋብሪካ ቦታ የመረጃ ማዕከል ሲሆን፤ ከደባርቅና ከዳባት አንጻር

የመረጃ ማዕከል የሚባለው ሰርቨር የተሰኙ ኮምፒዩተሮች በረድፍ ተደርድረው ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚሠሩበት ሕንፃ ነው። የባንክ ሒሳብ፣ የተማሪዎች ውጤት፣ የስልክ ጥሪ መዝገብ፣ እንዲሁም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ስሌት የሚከናወነው በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ሥራ ያቆሙ ፋብሪካዎች ወደ መረጃ ማዕከልነት ተለውጠዋል። ደባርቅና ዳባት ደጋ በመሆናቸው፣ ኮምፒዩተርም ብርድ የሚወድ መሣሪያ በመሆኑ፣ የስሜን ተራሮች ግርጌ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው የሚል ሐሳብ በቀላሉ ሊመጣ ይችላል። ይሁን እንጂ ለውጡ በሌላው ዓለም እንዴት እንደተከናወነ አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል።

በፊንላንድ አገር ሐሚና በምትባል የወደብ ከተማ ሱማ የተሰኘ የወረቀት ፋብሪካ ነበር። ባለቤቱ ስቶራ ኤንሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ፋብሪካውን ዘጋው፤ በ2009 ጉግል የተባለው ኩባንያ ገዛው፤ በ2011 የመረጃ ማዕከል ሆኖ ሥራ ጀመረ። ፋብሪካው ከባሕር ውሃ ይስብበት የነበረ፣ ከዐለት የተፈለፈለ መተላለፊያ ነበረው፤ በዚያው መተላለፊያ የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ዛሬ የኮምፒዩተሮቹን ሙቀት ይወስዳል። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማም የዶኔሊ ማተሚያ ቤት የነበረው ሰፊ ሕንፃ ወደ መረጃ ማዕከልነት የተለወጠው በከፊል በወለሉ ምክንያት ነው። ከባድ የማተሚያ መኪና እንዲሸከም ታስቦ የተሠራ ወለል የሰርቨር መደርደሪያና የባትሪ ክብደት አይበግረውም። የስልክ ማውጫ ይታተምበት የነበረ ቤት ዛሬም የሰዎችን ስምና ቁጥር ማኖሩ የሚያስገርም ግጥምጥሞሽ ነው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች እንደምንረዳው፣ አሮጌው ፋብሪካ ለአዲሱ ሥራ የሚያወርሰው ዋናው ሀብት ባዶ መሬት አይደለም። ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መሥመር በደጃፉ አለ፤ ውሃው ተስቧል፤ መንገዱ ተሠርቷል፤ በቦታው ላይ የሚያርስ ገበሬ ስለሌለም የሚፈናቀል ቤተሰብ የለም። ይህ ውርስ በሌለበት ቦታ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ወጪውም የዚያኑ ያህል ይከብዳል።

በአገራችን በአዲስ አበባ የአይ.ሲ.ቲ. ፓርክ የተመረጠው አካሄድ መሬቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። በዚህ ፓርክ ውስጥ ራክሲዮ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ያስጀመረው ማዕከል ለመሣሪያዎቹ ብቻ እስከ 3 ሜጋዋት ኀይል እንዲጠቀም ታቅዶ የተሠራ ነው። መምህራን ይህን ቁጥር ለክፍል መልመጃ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ 3 ሜጋዋት ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ሲሠራ 26 ሚሊዮን 280 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። መሣሪያዎቹ የሚወስዱት ኀይል በሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ሙቀቱን ለማስወጣት ደግሞ ተጨማሪ ኀይል ያስፈልጋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው መሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን ኀይል መመንጨቱና በሚፈለገው መጠን፣ ሳይቆራረጥ፣ ከአንዲት የወረዳ ከተማ መድረሱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ወደ ደባርቅ እንመለስ። ከተማዋ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ብርዷ በእውነት ይጠቅማል። ሆኖም በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፣ ንፍሮም ለመብሰል የሚዘገየው በአየሩ መሳሳት መሆኑን የደባርቅ ተማሪ ከእናቱ ምድጃ ያውቀዋል። የሳሳ አየር በአንድ ትንፋሽ የሚሸከመው ሙቀት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ማራገቢያዎቹ ያንኑ ሙቀት ለማስወጣት በሲሶ ያህል የበለጠ አየር መግፋት ይኖርባቸዋል። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው የናፍጣ ጄኔሬተርም በከፍታ ቦታ ጉልበቱ ሊቀንስ ይችላል። እንግዲህ ብርዱ ከሰጠው ጥቅም ከፍታው ከፊሉን መልሶ ይወስዳል።

የመሬቱ ጉዳይ ከዚህ ይበልጥ ከባድ ነው። ደባርቅና ዳባት የታወቁት በገብስና በስንዴ እንጂ በፋብሪካ ስላልሆነ፣ ለሰፊ ማዕከል የሚሰጠው መሬት ከእርሻ ወይም ከግጦሽ ተቆርሶ መውጣቱ አይቀርም። አካባቢው መፈናቀል ምን ማለት እንደሆነ ከቅርብ ጊዜ ተሞክሮው ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ የግጭ መንደር አባወራዎች ከብሔራዊ ፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ለመሬቱ በልዋጭ ይገኛል ተብሎ የሚጠበቀው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች እንጀራ ሆኗል። የመረጃ ማዕከል ግን በግንባታው ወቅት ብዙ ሰው ቢያሠራም፣ ከተጠናቀቀ በኋላ የሚቀጥራቸው ቋሚ ሠራተኞች በአሥሮች የሚቆጠሩ መሆናቸው የተለመደ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ለወጣቶች ሥራ እንዲያስገኝ ታስቦ የእርሻ መሬት ለእንዲህ ያለ ማዕከል መስጠት የማይመከር ነው።

ይሁንና ዳባት በመረጃ ረገድ ባዶ አይደለችም። በዚያን ጊዜ የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ይባል የነበረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 በዳባት ወረዳ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አቋቁሟል። መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን አገር ለቆ እንደሄደ ይመዘግባሉ፤ ሰው ሲሞትም የሟችን ቤተሰብ ስለ ሕመሙ ምልክት ጠይቀው የሞቱ ምክንያት እንዲለይ ያደርጋሉ። የልደት ምስክር ወረቀት ብርቅ በሆነበት ገጠር፣ በስንት ዓመት ውስጥ ስንት ልጅ ለአንደኛ ክፍል እንደሚደርስ ለማስላት የሚያበቃ እንዲህ ያለ መዝገብ ለትምህርት ዕቅድ አውጪ ትልቅ ሀብት ነው።

ይህን መዝገብ ለማኖር ሰፊ ቅጥር ግቢ አያስፈልግም። የአንድ ወረዳ ሕዝብ ልደትና ሞት በቁጥርና በፊደል ሲጻፍ በጥቂት ሰርቨሮች ይጠቃለላል፤ ለእነርሱም ከአቧራ የተጠበቀ አንድ ክፍል፣ መስኮቱን ከፍቶ የሚገኝ የደጋ አየር፣ ባትሪና ሌላ ከተማ የሚቀመጥ አንድ ቅጂ ይበቃል። የስም ዝርዝሩ እንዳይወጣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግዴታ ጥሏል። ስም የተነሣለት የቀበሌ ድምር ግን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ ከምዝገባው ወቅት አስቀድሞ፣ ይኸውም ቢዘገይ በግንቦት ወር፣ ቢደርስ የመማሪያ ክፍሎችንና የመምህራንን ብዛት ለመወሰን ጊዜ ይኖራል።