የአሮጌ ፒካፕ መጽሐፍ ከየት ይገኛል?

የዛሬው ንግግራችን ኮዬ ፈጬ ላይ የኮንዶሚኒየም ዕቃ፣ አሸዋና ብሎኬት በአሮጌ ፒካፕ እያመላለሳችሁ ለምታድሩ ነው። እርሳስና ደብተር ያዙ።

በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነግሯል። ስለዚህ ያለችውን አድሶ መያዝ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ማደስ ደግሞ በወሬ አይሆንም። ፋብሪካው ለመኪናው የጥገና መጽሐፍ አዘጋጅቶለታል። መካኒኮች “ማኑዋል” ይሉታል። የትኛው ቡሎን በምን ያህል ኃይል እንደሚጠብቅ በሥዕልና በቁጥር ያሳያል። ከመኪናው ኪስ የሚገኘው ትንሹ መጽሐፍ ግን ሌላ ነው። እሱ ለነጂ እንጂ ሞተር ለሚፈታ ሰው አይበቃም።

ቶዮታ ሃይሉክስን እንውሰድ። መሠራት የጀመረው በ1960 ዓ.ም. ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው። “የሃይሉክስ መጽሐፍ ስጡኝ” ማለት “ከበደ የሚባል ሰው ጥሩልኝ” እንደ ማለት ነው። የትኛው ከበደ?

መጀመሪያ ሊብሬያችሁን አውጡ። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ተጽፎበታል። ቀጥሎ ኮፈኑን ክፈቱና ፋብሪካው የለጠፈውን ትንሽ ብረት እዩ። ለምሳሌ “ኤል ኤን 106” ይላል። ጽሑፉ በላቲን ፊደል ነው። ፊደሉን ባታውቁትም እንዳለ ገልብጡት። “ኤል” የናፍጣ ሞተሩን ወገን ይነግራል፤ “ኤን” ሃይሉክስ መሆኑን።

ነገር ግን ሞተር ይቀየራል። ስለዚህ ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። 2ኤል እና 3ኤል የሚባሉት ሞተሮች ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው። የ2ኤል ሲሊንደር ስፋት 92 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ3ኤል 96። የ2ኤልን የቴስታታ ጓርኒሲዮን ለ3ኤል ብታስገቡ ጠርዙ ወደ ሲሊንደሩ ይወጣል፤ ይቃጠላልም። ብዙ ብር የሚያስወጣው እንዲህ ያለ ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው። የቶዮታ መጽሐፍ አንድ ጥራዝ አይደለም። የሞተሩ ለብቻ፣ የሻንሲና የቦዲው ለብቻ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም ለብቻ ነው። የመለዋወጫ ካታሎግም አለ። ካታሎጉ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይሰጠዋል። መርካቶ ሱማሌ ተራ ስትሄዱ ያንን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፤ ክርክር ያሳጥራል። መጽሐፉን ለብዙ ዘመን የቶዮታ ወኪል የሆነውን ሞኤንኮን፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን ቤተ መጻሕፍት፣ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችንም ጠይቁ። ልጆቻችሁም በስልክ ሊያወርዱላችሁ ይችላሉ። ልብ በሉ! ለአሜሪካ ገበያ የታተመው ብዙውን ጊዜ የቤንዚን ሞተር ነው፤ ለናፍጣ አይሆንም። ስለ ናፍጣው የአውስትራሊያ መጻሕፍት ይሻላሉ። መሪያቸው በቀኝ ስለሆነ ግን የመሪውን ክፍል እዩትና ተዉት።

ሌላው ችግር ቋንቋ ነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጋራዣችን ደግሞ ከጣሊያን የወረሰውን። መጽሐፉ “ክላች” ሲል እኛ ፍሪሲዮን እንላለን። “ሲሊንደር ሄድ” ሲል ቴስታታ፣ “ቤልት” ሲል ቺንጋ፣ “ቤሪንግ” ሲል ኩሽኔታ። ደብተራችሁን ለሁለት ከፍላችሁ ጎን ለጎን ጻፉት። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት ይህን እጽፍ ነበር።

መለኪያውም ይለያያል። አሮጌው መጽሐፍ 1,200 ኪሎግራም ሴንቲ ሜትር ያለውን አዲሱ 118 ኒውተን ሜትር ይለዋል። ጥብቀቱ ግን አንድ ነው። 1,200ን በኒውተን ሜትር ቁልፍ ለማጥበቅ የሞከረ ሰው ቡሎኑን ይበጥሳል።

መጽሐፉን ስታገኙ ዋናውን ቤት አስቀምጡት። ወደ ጋራዥ የሚሄደው የምትፈልጉት ገጽ ፎቶ ኮፒ ይሁን፤ ግራሶ ወረቀት ይበላል።